የጅቡቲ ወደብ ገንዘብ ከማን እጅ ወደ ማን እጅ ይተላለፋል? ስለ ግብዓትና ውጤት ሠንጠረዥ የተሰጠ ማብራሪያ

አንድ መርከብ በጅቡቲ ወደብ ተጠግቶ ዕቃውን ባራገፈ ጊዜ በመዝገብ ላይ የሚሰፍረው የመርከቡ ስም፣ የዕቃው ክብደትና የተከፈለው የወደብ ዋጋ ነው። የወደቡም ሥራ መድመቁ ወይም መቀዝቀዙ ዘወትር የሚነገረው በዚሁ በቶን ቍጥር ነው። ነገር ግን የከተማው ነዋሪ ከዚያ ቶን ምን እንዳገኘ፣ የዓሊ ሳቢሕ ወይም የታጁራ ሰው ምን ያህል እንደ ደረሰው፣ ከድንበሩ ማዶ በድሬዳዋና በአዋሽ መሥመር ያለው ነጋዴስ በምን ያህል እንደ ተጠቀመ የቶኑ ቍጥር አይናገርም። ይህን ለማወቅ ገንዘቡ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው እጅ ሲተላለፍ እየተከተሉ መመዝገብ ያስፈልጋል። ለዚሁ ሥራ የተዘጋጀው መሣሪያ በኤኮኖሚ ሊቃውንት ዘንድ የግብዓትና የውጤት ሠንጠረዥ ይባላል። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

ግብዓት ማለት አንድ ሥራ እንዲሠራ የሚገባለት ነገር ሁሉ ነው፤ ውጤት ማለትም ከሥራው የሚወጣው ነው። አንድ ዳቦ ጋጋሪ ዱቄት፣ ውሃ፣ ጨው፣ ማገዶ ወይም ኤሌክትሪክ፣ የሠራተኛም ጉልበት ይገባለታል፤ ከእነዚህም ዳቦ ይወጣል። ዳቦውን ቤተ ሰብ ገዝቶ ቢበላው ነገሩ በዚያው ያበቃል፤ ሆቴል ቤት ገዝቶ ለእንግዳ ቢያቀርበው ግን ዳቦው በተራው ለሆቴሉ ግብዓት ይሆናል። ሠንጠረዡ የሚዘጋጀው ይህንኑ በመከተል ነው። በአገሩ ውስጥ ያሉት የሥራ ዓይነቶች በግራ በኩል ከላይ ወደ ታች ይጻፋሉ፤ እነዚያው ስሞች እንደገና በራስጌው ላይ ከግራ ወደ ቀኝ ይደረደራሉ። አግድም የሚነበበው ረድፍ ያ ሥራ ውጤቱን ለማን ለማን እንደ ሸጠ ያሳያል፤ ቍልቍል የሚነበበው ዓምድ ደግሞ ግብዓቱን ከማን ከማን እንደ ገዛ ያሳያል። የጋጋሪው ሽያጭ ለሆቴሉ ግዢ ስለ ሆነ አንዱ ቍጥር ሁለት ጊዜ ይነበባል። የዕቁብ ጸሐፊ የጣለውንና ያነሣውን በአንድ ደብተር እንደሚይዝ ሁሉ፣ ይህም ሠንጠረዥ የሰጪንና የተቀባይን ሒሳብ በአንድ ገጽ ላይ ያገናኛል። ድምሩ ያልገጠመ እንደ ሆነ ካልተመዘገበ ሰው ወይም ካልተነገረ ገንዘብ የመጣ ነው።

ሐሳቡ ጥንታዊ ነው። የፈረንሳይ ንጉሥ የሉዊ 15ኛ ሐኪም የነበረው ፍራንሷ ኬኔ በ1758 የገበሬው፣ የባለመሬቱና የባለእጁ ገንዘብ እንዴት እንደሚዘዋወር የሚያሳይ ሥዕል አዘጋጅቶ ነበር፤ ሐኪም ስለ ነበረም የገንዘቡን መዘዋወር ከደም መዘዋወር ጋር አያይዞ እንዳሰበው ብዙዎች ይናገራሉ። ነገር ግን ይህን ሐሳብ በእውነተኛ ቍጥር ሞልቶ ለሥራ ያበቃው በሩሲያ ያደገውና በአሜሪካ ያስተምር የነበረው ቫሲሊ ሌዎንቲዬፍ ነው። እርሱም የአሜሪካን ኤኮኖሚ በዚህ ዓይነት የሚያሳየውን የመጀመሪያ ጥናቱን በ1936 አሳተመ፤ በ1973ም ስለዚሁ ሥራው የኖቤልን ሽልማት ተቀበለ።

የሌዎንቲዬፍ ሠንጠረዥ መላውን አገር እንደ አንድ ገበያ የሚቈጥር ነበር። ዋልተር አይዛርድ የተባለው አሜሪካዊ በ1951 ባወጣው ጽሑፍ የአገሩ ክፍሎች ለየብቻቸው ተጽፈው፣ አንዱ ክፍል ከሌላው የሚገዛው ጭምር እንዲታይ ማድረግ እንደሚገባ አስረዳ። የዚህም ጥቅም በኢጣሊያ አገር ወዲያው ታየ። የኢጣሊያ መንግሥት በ1950 የደቡቡን ድኽነት ለማስወገድ ልዩ የልማት ገንዘብ አቋቁሞ መንገድና የመስኖ ሥራ ያሠራ ነበር። ሆሊስ ቼነሪ በ1953 አገሩን በሰሜንና በደቡብ ከፍሎ ሒሳቡን ሲመረምር ግን በደቡብ ከፈሰሰው ገንዘብ ብዙው ክፍል ብረት፣ ማሽንና ጨርቅ ለመግዛት ተመልሶ ወደ ሰሜን ፋብሪካዎች እንደሚሄድ ተገኘ። መንገዱ የተሠራው በደቡብ ነው፤ ከሥራው የሚገኘው ትርፍ ግን በብዛት የሚሰበሰበው በሚላኖና በቶሪኖ ነበር። አገሩን ሁሉ ባንድነት የሚያሳየው ሠንጠረዥ ይህን ሊያሳይ አይችልም ነበር።

እንግዲህ ነገሩን ወደ ጅቡቲ መልሶ ማየት ተገቢ ነው። የጅቡቲ ሪፑብሊክ በስድስት የአስተዳደር ክፍሎች የተከፈለ ነው፤ እነርሱም የጅቡቲ ከተማ፣ ዓሊ ሳቢሕ፣ ዲኪል፣ ታጁራ፣ ኦቦክና በ2003 የተጨመረው አርታ ናቸው። የሕዝቡ አብዛኛው ክፍል በከተማው ውስጥ ይኖራል፤ ወደቡ፣ ባንኮቹ፣ መሥሪያ ቤቶቹና የውጭ አገር የጦር ሰፈሮቹም በዚያው ወይም በአቅራቢያው ናቸው። ስለዚህ የአገሩ ሠንጠረዥ ተብሎ የሚዘጋጀው ሠንጠረዥ በእውነቱ የአንድ ከተማ ሠንጠረዥ ነው ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። በኦቦክ ያለው ዓሣ አጥማጅ፣ በታጁራ ተራራ ያለው ፍየል አርቢ፣ በዲኪል መንገድ ዳር ሻይ የምትሸጠው ሴት በከተማው ትልቅ ቍጥር ውስጥ ገብተው ይሰወራሉ። የወደቡ ገቢ ባደገ ቍጥር የአገሩ አማካይ ገቢም በወረቀት ላይ ያድጋል፤ ኦቦክ ግን እንዳለች ትኖራለች። ፈረንሳዮች በመጀመሪያ የሰፈሩባት ኦቦክ ነበረች፤ የአስተዳደራቸው መቀመጫ በ1890ዎቹ ዓመታት ወደ ጅቡቲ በተዛወረ ጊዜ ንግዱም አብሮ ተሻገረ፤ ከተማይቱም ከዚያ ወዲህ የቀድሞ ቦታዋን አላገኘችም።

የጅቡቲ ከተማ ታሪክ ራሱ የግብዓትና የውጤት ታሪክ ነው። ከተማው በ1888 ገደማ ሲቆረቈር በአካባቢው የሚታረስ መሬትም ሆነ የሚፈስ ወንዝ አልነበረም። ከተማውን ያቆመው ከኋላው ያለው ሰፊ አገር ባሕር ስለ ፈለገ ነው። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1894 ለአልፍሬድ ኢልግ የምድር ባቡር ፈቃድ ሰጡ፤ ሥራውም በ1897 ከጅቡቲ ተጀመረ። ሐዲዱ ወደ ሐረር ተራራ መውጣት ስላስቸገረ በ1902 መጨረሻ ከተራራው በታች ባለው ሜዳ ላይ ደረሰ፤ በዚያም ቦታ በመጀመሪያ አዲስ ሐረር የተባለችው ድሬዳዋ ተቆረቈረች። ከዚያ ወዲያ የመጀመሪያው ኩባንያ በገንዘብ እጦት ወድቆ ሌላ ኩባንያ ተተክቶ፣ ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። ጅቡቲና ድሬዳዋ እንግዲህ በአንድ ሐዲድ ሁለት ጫፍ የተወለዱ ከተሞች ናቸው። የአንዱ ረድፍ የሌላው ዓምድ ነው፤ በመካከላቸው ድንበር መኖሩ የጉምሩኩን ሥርዓት ይለውጣል እንጂ ሒሳቡን አይለውጠውም። ስለዚህም ምክንያት በአንድ አገር ውስጥ ስላሉ ክፍሎች የተዘጋጀው የስሌት ዘዴ ለዚህ መሥመር በሚገባ ይስማማል።

ስሌቱ እንዴት እንደሚሠራ በቀላል ምሳሌ ሊገለጽ ይችላል። ከዚህ በታች ያለው ቍጥር ለማስረዳት ብቻ የተመረጠ ነው፤ የወደቡ ትክክለኛ ሒሳብ አይደለም። የወደቡ ሥራ በ100 ፍራንክ ጨመረ እንበል። ከዚህ ውስጥ 50 ፍራንክ ለነዳጅ፣ ለማሽን መለዋወጫ፣ ለብድር ወለድና ለውጭ ባለአክሲዮኖች ትርፍ ተከፍሎ ከከተማው ይወጣል። 20 ፍራንክ ለከተማው ጋራዦች፣ ለጥበቃ፣ ለምግብ ቤቶችና ለጭነት መኪና ባለቤቶች ይከፈላል። የቀረው 30 ፍራንክ የወደቡ ሠራተኞች ደመወዝ ነው። ሠራተኞቹ ከደመወዛቸው ግማሹን ከውጭ በመጣ ዕቃና ምግብ ላይ ያውሉታል፤ ግማሹን፣ ማለት 15 ፍራንኩን፣ ለከተማው ነጋዴና ባለሙያ ይከፍላሉ። እንግዲህ በመጀመሪያው ዙር በከተማው ሰዎች እጅ የገባው 20ና 15፣ በድምሩ 35 ፍራንክ ነው። የከተማው ነጋዴም በተራው ከሚቀበለው ከእያንዳንዱ 100 ፍራንክ 60ውን ዕቃ ለማስመጣት ይልከዋል፤ 40ው ለራሱና ለሠራተኞቹ ይቀራል፤ ከዚህም ግማሹ፣ ማለት 20ው፣ እንደገና በዚያው በከተማው ውስጥ ይወጣል። በዚህ ዓይነት 35ቱ ፍራንክ 7 ፍራንክ ይወልዳል፤ 7ቱ 1 ፍራንክ ከ40 ሳንቲም ይወልዳል፤ እንዲህ እያለ እየመነመነ ይሄዳል። ሁሉም ሲደመር ከ100 ፍራንክ የወደብ ሥራ የተነሣ ለከተማው ሌላ ሥራ የደረሰው 43 ፍራንክ ከ75 ሳንቲም ይሆናል።

አሁን ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ተለወጠ እንበል። ወደቡ ያው ወደብ ነው፤ መርከቡም አልጨመረም። ነገር ግን የከተማው ሰው ከሚያገኘው ገንዘብ በግማሹ ፈንታ ከሦስት ሁለቱን እጅ በከተማው በሚሠራ ነገር ላይ የሚያውል ሆነ። ያን ጊዜ በመጀመሪያው ዙር የሚደርሰው 40 ፍራንክ ይሆናል፤ መላው ድምር ደግሞ ወደ 54 ፍራንክ ተኩል ይደርሳል። አንድ ቶን ዕቃ ሳይጨመር ከእያንዳንዱ 100 ፍራንክ ወደ 11 ፍራንክ የሚጠጋ ሥራ ተጨመረ ማለት ነው። የወደብ ከተማ ሹማምንት አብዛኛውን ጊዜ የሚደክሙት 100ውን 110 ለማድረግ ነው፤ ከዚያ 100 ውስጥ የሚፈሰውን ለማገድ የሚደክመው ጥቂቱ ነው። ሠንጠረዡ ይህን ክርክር በግምት ሳይሆን በቍጥር ለመጨረስ ያስችላል።

በጅቡቲ ከተማ ገንዘቡ ወዴት እንደሚፈስ በዓይን የሚታይ ነው። ሽንኩርቱ፣ ድንቹ፣ ቲማቲሙና ሌላው አትክልት በአብዛኛው የሚመጣው ከኢትዮጵያ ደጋ ነው። ጫቱም እንዲሁ ነው። በሐረርጌ በአወዳይ ገበያ የተጫነው ጫት በዚያው ዕለት ለጅቡቲ ይደርሳል፤ በየመንገዱ ዳር በጠረጴዛ ላይ የሚሸጡትም ሴቶች ናቸው። ስለ ጫት ጤናና ሥነ ምግባር የሚባለው ሌላ ጉዳይ ነው፤ በሒሳብ በኩል ግን የወደቡ ሠራተኛ ለጫት ከሚከፍለው ገንዘብ ከፊሉ ለመንግሥት ግብር፣ ከፊሉ ለሻጯ ትርፍ፣ ከፊሉ ለማጓጓዣ ይሆናል፤ የቀረው ድንበር ተሻግሮ ለሐረርጌ ገበሬና ነጋዴ ይገባል። ስለዚህ በዶራሌ መርከብ ሲበዛ በአወዳይ ገበያ የሚሰማ ለውጥ አለ። በጅቡቲ ሠንጠረዥ ‘ወደ ውጭ የሚፈስ’ ተብሎ የሚመዘገበው ገንዘብ በሐረርጌ ሠንጠረዥ ‘ከውጭ የተገኘ ገቢ’ ተብሎ ይመዘገባል። አንዱ ክፍል የጐደለበት ሌላው የተጨመረለት መሆኑን አንድ ላይ ካልጻፉት በቀር ማየት አይቻልም።

የግብዓቱ መጠን ወይም ምንጭ ሲለወጥ ምን እንደሚሆን የሚያሳዩ ሁለት ጉዳዮች በቅርብ ጊዜ ተፈጽመዋል። የመጀመሪያው ኤሌክትሪክ ነው። የጅቡቲ ከተማ መብራት ለብዙ ዘመን የሚመነጨው በመርከብ በመጣ ነዳጅ ነበር፤ የነዳጅ ዋጋ በዓለም በተወደደ ቍጥር የመብራቱም ዋጋ ይወደድ ነበር። በ2011 ከድሬዳዋ በኩል የተዘረጋው የኤሌክትሪክ መሥመር ሥራ ሲጀምር፣ ከባሕር ይመጣ የነበረው ግብዓት በከፊል ከኢትዮጵያ ወንዞች በሚመጣ ኃይል ተተካ። ከዚያ በ2023 በጉበት አካባቢ 60 ሜጋዋት የሚያመነጭ የነፋስ ኃይል ጣቢያ ተመረቀ፤ በዚህም ከግብዓቱ አንዱ ክፍል ለመጀመሪያ ጊዜ በአገሩ ውስጥ የሚመረት ሆነ። ሁለተኛው ውሃ ነው። ከተማው ይጠጣ የነበረው በአብዛኛው ጨው እየገባበት ከሄደው የጕድጓድ ውሃ ነበር። ከ2017 ጀምሮ ግን በኢትዮጵያ ሶማሌ ክልል በሲቲ ዞን ከሐደጋላ የተቈፈረው የከርሰ ምድር ውሃ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ በሆነ ቧንቧ ወደ ጅቡቲ ይወርዳል። የወደብ ሥራ ውሃ አይፈልግም የሚመስለው ሰው ካለ፣ የወደቡ ሠራተኛ፣ ሆቴሉ፣ በረዶ ቤቱና ለመርከብ የሚሸጠው ውሃ ሁሉ በዚያው ዓምድ ውስጥ እንዳለ ያስብ።

የጦር ሰፈሮቹም ጉዳይ በዚሁ ዘዴ ሊመረመር ይገባዋል። ከፈረንሳይ የቈየ ሰፈር ሌላ፣ አሜሪካ ከ2002፣ ጃፓን ከ2011፣ ቻይና ከ2017 ጀምሮ በጅቡቲ የጦር ሰፈር አላቸው። ከእነዚህ የሚገኘው ኪራይ በቀጥታ ወደ መንግሥት ግምጃ ቤት ይገባል። በሠንጠረዡ ዓይን ግን ዋናው ጥያቄ ኪራዩ አይደለም፤ ሰፈሮቹ ከሚበሉትና ከሚገለገሉበት ምን ያህሉን ከከተማው ገበያ ይገዛሉ፣ ስንት የከተማውን ሰው በደመወዝ ያሠራሉ የሚለው ነው። ስንቁን ከአገሩ የሚያስመጣ ሰፈር በረድፉ ላይ ትልቅ ሆኖ በዓምዱ ላይ ባዶ ይሆናል። ኪራዩስ ቢሆን ግምጃ ቤቱ ከተቀበለው በኋላ በከተማው ብቻ ይዋል ወይስ በዲኪልና በኦቦክ ትምህርት ቤትና ሐኪም ቤት ይሠራበት፣ ይህ የሚወሰነው በበጀት ነው፤ ውሳኔው በየክፍሉ የሚያስከትለው ልዩነት ግን በሠንጠረዡ አስቀድሞ ሊታይ ይችላል።

ለአስተዳደር ሰው ይበልጥ የሚጠቅመው ግን የሁለቱ መንገዶች ነገር ነው። ከጅቡቲ ወደ ኢትዮጵያ የሚሄደው ዕቃ በሁለት ዋና መሥመር ይጓዛል። አንደኛው በዓሊ ሳቢሕ በኩል በደወሌ ወደ ድሬዳዋ የሚያልፈው የምድር ባቡር መሥመር ነው፤ በዚህ መሥመር የሚሠራው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በጥቅምት 2016 በአዲስ አበባ፣ በጥር 2017 በጅቡቲ ተመርቆ በ2018 መደበኛ ሥራውን ጀምሯል። ሁለተኛው በዲኪል በኩል በጋላፊ አልፎ በአፋር ምድር በሚሌና በአዋሽ የሚዘልቀው የመኪና መንገድ ነው። አንድ ኮንቴይነር በየትኛውም መሥመር ቢሄድ ለወደቡ የሚከፍለው አንድ ነው፤ በብሔራዊው ሠንጠረዥም ልዩነቱ ትንሽ ነው። ለየክፍሉ ግን ልዩነቱ እጅግ ትልቅ ነው። የጭነት መኪና ሹፌርና ረዳት በየመንገዱ ይበላሉ፣ ይጠጣሉ፣ ያድራሉ፣ ጎማ ያስጠግናሉ፤ ከጅቡቲ ከተማ ዳር ፒ ኬ 12 ከተባለው የመኪና መቆሚያ ጀምሮ እስከ ዲኪል፣ እስከ ሚሌ ድረስ የተደረደሩት ቤቶች የሚተዳደሩት በዚህ ገንዘብ ነው። ባቡሩ ግን ሌሊቱን ሳያድር ያልፋል። የሚገዛው ኤሌክትሪክ ነው፤ ያስተዳድረውም ዘንድ ብዙ ዕውቀት ያላቸው ጥቂት ሰዎች ይበቁታል፤ ለሥራው የዋለውም ገንዘብ አብዛኛው ከቻይና የተገኘ ብድር ስለ ሆነ ከገቢው ከፊሉ ወደዚያው ይመለሳል።

ከዚህ የተነሣ ባቡሩ ጎጂ ነው ማለት አይደለም። ማጓጓዣ ሲረክስ በአዲስ አበባና በየክልሉ ያለው ገዢ ይጠቀማል፤ መንገዱም ከከባድ መኪና ጉዳት ይድናል። ነገር ግን ጥቅሙ የሚታየው በአንድ ክፍል፣ ጉዳቱ የሚደርሰው በሌላ ክፍል ነው። የሚሌ ሻይ ቤት ባለቤት የባቡሩን ጥቅም በሚቀጥለው ዓመት በዱቄት ዋጋ ላይ ታገኘው ይሆናል፤ የተወሰደባትን ደንበኛ ግን ዛሬውኑ ታጣዋለች። የአሮጌው ባቡር ጣቢያዎች ይህንን ቀድመው አይተዋል። በዚያ ዘመን ባቡሩ በየጣቢያው ይቆም ስለ ነበር በአይሻም ሆነ በአዲጋላ ወተትና ምግብ ይዘው የሚጠብቁ ሴቶች ገበያቸው ባቡሩ ነበር። ባቡሩ በቀረ ጊዜ ገበያቸው አብሮ ቀረ፤ ይህንንም ኪሳራ በየትኛውም የኩባንያ ሒሳብ ላይ ማግኘት አይቻልም።

ታሪክ ደግሞ ሠንጠረዡን ለመፈተን የሚያስችሉ ድንገተኛ ነገሮችን አምጥቷል። የስዊዝ ቦይ ከ1956 መጨረሻ እስከ 1957፣ እንደገናም ከ1967 እስከ 1975 በተዘጋ ጊዜ ለነዳጅና ለስንቅ በጅቡቲ የሚቆሙት መርከቦች ቀሩ፤ የከተማው ሥራም ቀዘቀዘ። በ1977 ጅቡቲ ነፃነቷን ባገኘችበት ዓመት በኢትዮጵያና በሶማሊያ መካከል በተነሣው ጦርነት ሐዲዱ ተቈርጦ ለብዙ ወራት ባቡር ሳይተላለፍ ቀረ። ከሁሉ የሚበልጠው ግን የ1998 ነገር ነው። እስከዚያ ዓመት ድረስ የኢትዮጵያ ገቢና ወጪ ዕቃ አብዛኛው የሚያልፈው በአሰብ ነበር። በግንቦት ወር 1998 በኢትዮጵያና በኤርትራ መካከል ጦርነት ሲነሣ ያ ዕቃ ሁሉ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ወደ ጅቡቲ ዞረ። ለኢትዮጵያ ገዢ መርከቡ ወደብ ለወጠ፤ የስንዴው ረድፍ ስንዴ፣ የማዳበሪያው ረድፍ ማዳበሪያ ሆኖ ቀጠለ። ለአሰብ ግን ወደቡ ባዶ ሲቀር ጫኝና አውራጁ፣ የመጋዘን ጠባቂው፣ ሆቴሉ፣ ልብስ ሰፊው አንዱ ከሌላው በኋላ ሥራ ፈታ። ጅቡቲ በዚያን ጊዜ ያገኘችውና አሰብ ያጣችው በቶን ሲለካ እኩል ሊሆን ይችላል፤ በሰው ኑሮ ሲለካ ግን እኩል አልነበረም። በአሰብ ዕቃውን ተከትለው ይኖሩ የነበሩት ብዙ ሺህ ሰዎች ወዳሉበት ወደ ጅቡቲ ሥራው አብሯቸው አልሄደም፤ ብዙዎቹም ወደ ኢትዮጵያ ውስጥ ተበተኑ። በጅቡቲ በኩል ደግሞ የአዲሱን ሥራ ብዙ ክፍል የያዙት ትልልቅ ማሽኖች ነበሩ። በ2009 ሥራ የጀመረው የዶራሌ ኮንቴይነር ወደብና በ2017 የተከፈተው የዶራሌ ሁለገብ ወደብ ቀድሞ በብዙ ትከሻ ይሸከሙት የነበረውን በጥቂት ክሬን ያነሡታል። ስለዚህ ከ1960 ወይም ከ1990 የተወሰደ የወደብ ዓምድ ለዛሬው ወደብ አይሠራም፤ በ100 ፍራንክ ውስጥ የነበረው የደመወዝ ድርሻ ተለውጧልና።

ከእንስሳት ንግድ ጋር ሲነጻጸር ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል። በ2006 በዳመርጆግ የተከፈተው የቁም እንስሳት ማቆያ ከኢትዮጵያ ሶማሌ ክልልና ከሶማሊያ የሚመጡትን በጎች፣ ፍየሎች፣ ግመሎችና ከብቶች መርምሮ ወደ ዐረብ አገር ይልካል። ይህ ሥራ በገንዘብ ከኮንቴይነሩ እጅግ ያነሰ ነው። ነገር ግን ከዋጋው ብዙው ክፍል ለአርብቶ አደሩ፣ ለነጂው፣ ለመኖ ሻጩና ለውሃ አቅራቢው ይከፋፈላል፤ ክሬንና የውጭ ብድር በውስጡ ጥቂት ነው። በቶን ትልቅ የሆነው በኑሮ ትንሽ፣ በቶን ትንሽ የሆነው በኑሮ ትልቅ ሊሆን እንደሚችል በዚህ ይታያል።

በኢትዮጵያ በኩል ለዚህ ሥራ መነሻ የሚሆን ነገር አለ። በዚያን ጊዜ የኢትዮጵያ የልማት ምርምር ኢንስቲትዩት ይባል የነበረው ተቋም የ1998 ዓመተ ምሕረትን (2005/06) ኤኮኖሚ የሚያሳይ ሰፊ የማኅበራዊ ሒሳብ ሠንጠረዥ አዘጋጅቶ ነበር። ይህ ሠንጠረዥ በግብዓትና በውጤት ላይ የቤተ ሰብን ገቢና ወጪ የሚጨምር ሲሆን፣ ግብርናን በአምስት የአየር ንብረትና የአስተራረስ ዞኖች ከፋፍሎ ያሳያል፤ የአርብቶ አደሩ ምድርም ከእነዚያ አንዱ ነው። የተከፋፈለው ግን በአየር ንብረት እንጂ በአስተዳደር ወሰን ስላልሆነ፣ የድሬዳዋ ወይም የሲቲ ዞን ሹም የራሱን ክፍል ብቻ ነጥሎ ሊያነብበት አይችልም።

የራሱ ጥናት የሌለው ክፍል ብዙ ጊዜ የሚጠቀምበት አቋራጭ መንገድ አለ። የአገሩን ሠንጠረዥ ወስዶ በሠራተኛ ድርሻ ማስተካከል ነው። ለምሳሌ በአገሩ ውስጥ ከ100 ሠራተኛ 10ሩ በእንጨት ሥራ ላይ ቢሆኑና በአንዱ ክፍል ግን 5ቱ ብቻ ቢሆኑ፣ ያ ክፍል ከሚያስፈልገው የእንጨት ሥራ ግማሹን ከሌላ ክፍል ይገዛል ተብሎ ይገመታል። ይህ ዘዴ ርካሽና ፈጣን ስለ ሆነ በብዙ አገር ይሠራበታል። በጅቡቲ ግን ዋና ከተማው የአገሩን አብዛኛውን ክፍል ስለ ያዘ የአገሩ አማካይ የከተማው መልክ ነው፤ በዚያ አማካይ ታጁራን መለካት በረዥም ሰው ልክ የተሰፋ ልብስ ለልጅ እንደ ማልበስ ይሆናል። ከዚህም ሌላ ሠንጠረዡ በጠቅላላው የራሱ ድካም አለበት። አንድ ሥራ በእጥፍ ሲያድግ ግብዓቱም ሁሉ በእጥፍ ያድጋል ብሎ ያስባል፤ ዋጋ ሲለወጥ ሰው ዕቃ እንደሚለውጥ አያውቅም፤ ውሃ ወይም ቦታ ቢያልቅ ሥራው እንደሚቆም አይናገርም። ስለዚህ ለሚቀጥለው ዓመት ወይም ለሁለት ዓመት ይመክራል እንጂ ለሃያ ዓመት ትንቢት አይናገርም።

ለጅቡቲ መሥመር የሚያስፈልገው ቈጠራ ግን ሰዎች እንደሚገምቱት ከባድ አይደለም። ከፊሉ መረጃ በየመሥሪያ ቤቱ አለ። በጋላፊና በደወሌ ኬላ የሚያልፈው ዕቃ ዓይነቱና ክብደቱ ይመዘገባል፤ የወደብ መሥሪያ ቤቶች የደመወዝ መዝገብ አላቸው፤ የኤሌክትሪክና የውሃ ቆጣሪ በየወሩ ይነበባል። የጎደለው የትንንሾቹ ሥራ ነው፤ የጭነት መኪና ሹፌር በአንድ ጕዞ በየትኛው ከተማ ምን ያህል እንደሚያወጣ፣ የወደብ ሠራተኛ ከደመወዙ ስንቱን ለቤቱ፣ ስንቱን በዲኪል ወይም በዓሊ ሳቢሕ ላሉ ዘመዶቹ እንደሚልክ፣ የአትክልት ነጋዴ ከአንድ ጆንያ ሽንኩርት ስንቱን ለማዶው ገበሬ እንደሚከፍል የሚጠይቅ ጥናት ነው። ሹፌሮችን በፒ ኬ 12 መቆሚያ ተራ ሲጠብቁ መጠየቅ ይቻላል፤ ጥያቄው ግን በዐረብኛ፣ በሶማሊኛ፣ በአፋርኛ፣ በፈረንሳይኛና በአማርኛ መዘጋጀት ይኖርበታል። ጊዜውም ከአንድ ወቅት በላይ መሆን አለበት፤ በክረምት ሙቀት ወራት ከጅቡቲ ከተማ ብዙ ሰው ወደ ድሬዳዋና ወደ ሌላው ቀዝቃዛ አገር ስለሚወጣ፣ የሐምሌ ወጪ የጥር ወጪን አይመስልምና።